ሳንቺ ያልቀመስኩበት ጠዋት

በዘጠና ስድስት፣ ከፋሲካ ጀምሮ እስከዚያች እሁድ ድረስ ያስቀደስኩት መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ደሜ አልቆም ብሎ ነበር። ደም የሚፈሳት ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ይህን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፣ ማንም እንዲያስተምረኝ አልፈልግም። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ዳላስ ውስጥ የተከራየነው አዳራሽ ነው፤ ዛፍ የለው፣ ጥላ የለው፣ ደጁ ፓርኪንግ ነው። ሰው ሲገባ በሩ ይከፈትና ቅዳሴው ይሰማኛል፣ ሲዘጋ ይቋረጣል። ኤሲውን ካጠፋሁት እቀቀላለሁ፣ ካበራሁት ሞተሩ ይግላል። እያበራሁ እያጠፋሁ እጸልያለሁ፣ ይህም ጸሎት ከተባለ።

ለምን አልገባሽም ሲሉኝ "ራሴን አሞኝ" እላለሁ። ራሴ እንደዚያ ዓመት ስሙ ጠፍቶ አያውቅም።

ሐኪም አይቶኛል። ማህፀንሽ ውስጥ ዕጢ አለ፣ ማህፀኑ መውጣት አለበት አለኝ፣ ጥርስ ይነቀል የሚል ነው የሚመስለው። እኔ አልወለድኩም። ከዚያ ወዲያ በደጁም አላለፍኩ። ለታናሽ እህቴ ለዜማ እንኳን አልነገርኳትም። እሷ ያኔ እርጉዝ ነበረች፤ ሆዷን እያሻሸች ለምትመጣ ሴት ምን ብዬ ልንገራት?

ዜማ ሴት ልጅ ተገላገለች። "ክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ" አለችኝ። አልጠየቀችኝም፣ ነገረችኝ። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ቀን መቁጠር ጀመርኩ። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ትጠመቃለች፣ ያን ቀን ከቄስ እጅ ተቀብዬ የማቅፋትና የማስቆርባት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ልጄ ብዬ የማቅፋት እሷ ብቻ መሆኗን ሳስብ እፈራለሁ፣ ስፈራም እናደዳለሁ።

ግራንድ ፕሬሪ፣ የምሠራበት መጋዘን ውስጥ፣ አብራኝ ካርቶን የምታሽግ ሊን የምትባል ቻይናዊት ነበረች። ሽንት ቤት ስመላለስ ሱፐርቫይዘሩ ሰዓቱን ያያል፣ ሊን ፊቴን ታያለች። አንድ ቀን ምሳ ላይ እንደ ጠጠር የደረቁ፣ ጉብጉብ ያሉ ሥሮች በላስቲክ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች።

"ሳንቺ ይባላል። ደም ያቆማል" አለችኝ። "ስወልድ እናቴ ይህን ነው የሰጠችኝ። ፈጭተሽ ጠዋትና ማታ በሙቅ ውሃ ጠጪ። እንዳታቋርጪ። ሐኪም ጋ ደግሞ ሂጂ፤ ይሄ ደሙን ያቆማል እንጂ በሽታውን አያወጣም።"

ቤቴ በሙቀጫ ስወቅጠው ከታች ያለው ጎረቤቴ ጣሪያውን በመጥረጊያ ደበደበ። ዱቄቱ ይመራል፣ ከዋጡት በኋላ ግን ምላስ ላይ ጣፈጥ ይላል። ሳምንት ሳይሞላ ደሙ ቆመ። ሽንት ቤት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ስለ ሐኪሙ ያለችኝን ረሳሁት፤ መርሳት ፈለግኩ ብል ይሻላል።

ክርስትናው ነገ ሊሆን፣ ቅዳሜ ማታ፣ ብርጭቆዬን ይዤ ኩሽና ውስጥ ቆምኩ። የገባሁበት ጉድ የታየኝ ያን ጊዜ ነው። ሕፃን የምታስቆርብ ሴት ጾማ ነው የምትገባው፣ ከዋዜማው ጀምሮ እህልም ውሃም ሳትቀምስ። መድኃኒትም ቢሆን በአፍ የገባ ገብቷል። ብውጠው ጾሜን እገድፋለሁ፣ ባልውጠው ደሙ ይመጣብኛል። በሁለቱም በኩል ልጅቷን አላቅፍም። ቀሲስ ኃይለ መስቀልን ብጠይቃቸው መልስ አያጡም ነበር። ግን የትኛዋ ሴት ናት ስልክ አንስታ ለቄስ ስለ ማህፀኗ የምታወራው? ለራሴ አንድ ሌሊት ምን ያመጣል አልኩና ውሃውን ደፋሁት። ጠዋትም አልቀመስኩም።

ነጭ ለብሼ ገባሁ። ዜማም ሰማንያ ቀኗን ጨርሳ ገና መግባቷ ነበር። ልጅቷ ተጠመቀች፣ ማተቧ ታሰረላት፣ ቀሲስ ፀጉሯ ሳይደርቅ ክንዴ ላይ አኖሯት። ከበድ ትላለች፣ ወተት ወተት ትሸታለች። ይህች የኔ ናት አልኩ በልቤ።

ቅዳሴው እኩሌታው ላይ ሲደርስ ሙቅ ነገር በጭኔ ወረደ።

ልግባ ልግባ ስል የከረምኩበት ቤት መውጫ አጣሁበት። ከፊቴ ዲያቆናት፣ ከኋላዬ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ግጥም ብሎ ቆሟል። እኔም ነጭ ለብሻለሁ፣ ሁለት እጄ ልጅ ይዟል። ጭኖቼን ገጥሜ ቆምኩ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ግን እኔ አውቃለሁ፣ ልጅቷም ክንዴ ላይ ናት። ከጎኔ ወደቆሙት ወደ እማማ ዓለምሸት ዞርኩ።

"ይያዙልኝ እማማ፣ ራሴን አሞኝ ነው።"

"ልታስቆርቢያት አይደል እንዴ?"

"እርስዎ ያስቆርቡልኝ" አልኩና ልጅቷን አሳቀፍኳቸው። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሸርጬ በሰው መሃል ሹልክ ብዬ ወጣሁ።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ስዘጋ በወዲያኛው በኩል ዜማ ገባች። መቀመጫዬ ላይ ያነጠፍኩትን ጥቁር ፎጣ አየች፣ ቀሚሴን አየች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከፋሲካ።"

"ታዲያ ያ ሁሉ ራስ ምታት ..."

"አዎ።"

"እኔ እኮ ሰማንያ ቀን ደጅ ስቀመጥ የሚያልቅበትን ቀን አውቀዋለሁ" አለች። "ያንቺ መቼ ሊያልቅ ነበር? በይ ዞር በይ፣ እኔ ልንዳ። ኢመርጀንሲ እንሄዳለን።"

"ማህፀኔን ያወጡታል፣ ዜማ።"

"ደምሽ አልቆ ልቅበርሽ?"

ቦታ ተለዋወጥን። ልጇ ስትቆርብ ለማየት ያን ሁሉ ቀን ጠብቃ፣ ትታው መጣች። ሞተሩን አስነስታ ወደ ኋላ ስትዞር የነጋሽ ታክሲ ከኋላችን ተገትሯል። ነጋሽ አመሉ ነው፤ ከኤርፖርት አርፍዶ ይመጣና ሰው ላይ ፓርክ አድርጎ ይገባል፣ ቅዳሴው ሳያልቅም አይወጣም። ከፊታችን ግድግዳ ነው። ፎጣው እየራሰ ነበር።

ዜማ በሩን ከፍታ አንድ እግሯን አወጣች። ነጋሽን ለማግኘት ያን ሁሉ ሕዝብ እየጠየቁ ማለፍ ነው።

"ምን ብዬ ላስነሳው?" አለችኝ ቀስ ብላ። "ራሷን አሟት ልበል?"

ለኔ ስትል መቅደስ ገብታ ልትዋሽ ተዘጋጅታ ነበር።

"አይ" አልኳት። "እህቴ ደም እየፈሰሳት ነው በይው። የሰማ ይስማ።"

ሮጣ ሄደች። በሩ ተከፈተና ቅዳሴው ተሰማኝ። ያን ጊዜ ግን በሩ ቶሎ አልተዘጋም።