በበረዶው አናት ላይ ያለች ሳንቲም

ሐምሌ በኦማሃ አስፋልት ያቀልጣል። ካርቶኑን ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ያገኘነው እንዲህ ባለ ቀን ነው። የልጄ ልጅ ሲግኒ የሰባት ወር ሆዷን ይዛ ልታነሣው ስታጎነብስ፣ «ተይው!» ብዬ ጮህኩ።

«አያቴ፣ ዓሣ እኮ ነው፣ ቦምብ አይደለም።»

«የማላውቀው ሰው የላከው ዓሣ ከቦምብ በምን ይሻላል?»

እኔ አላስካ፣ ሲትካ ተወልጄ፣ ዓሣ አጥማጅ አግብቼ ስኖር፣ ዓሣ ገዝቼ አላውቅም። ጎረቤት ይሰጥሻል፣ አንቺም በተራሽ ትሰጫለሽ። ባሌ አርኔ ሲሞት ሲግኒ ባሕር ወደሌለበት ወደዚህ ወደ አሜሪካ መሃል አመጣችኝ። ሐኪሟ «ዓሣ ብዪ» ቢላት፣ ስልኳን ነካ ነካ አድርጋ ሳልሞንና ትናንሽ ቅርፊታም ሽሪምፕ አዘዘች። አምና ያረገዘችውን አምስት ወር ላይ አጥተናል። ስለዚህ እሷ የምትበላው ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል፤ ብትሥቅብኝም ትሣቅ።

የሻጩን ድረ ገጽ አሳየችኝ። ጢማም ሰውዬ ጀልባ ላይ ቆሞ ይሥቃል። ከሥሩ «በመንጠቆ አንድ በአንድ የተያዘ የዱር ሳልሞን» ይላል። ከኋላው የተከመረው ግን መረብ ነው።

«በመንጠቆ የሚያጠምድ ሰው መረብ ምን ያደርግለታል?»

«ለፎቶ ይሆናላ!»

«በፎቶ የዋሸ በዓሣው አይዋሽም?»

ካርቶኑን ከፈትን። አየሩ ተመጥጦ የታሸገው ሳልሞን ድንጋይ ነው። ሲግኒ በጣቷ ኳ ኳ እያደረገች ሣቀችብኝ። እኔ ግን ወደ መስኮቱ ወስጄ ገለባበጥኩት። በፕላስቲኩ አንድ ጥግ ሮዝ ውሃ ተጠራቅሞ በረዶ ሆኗል።

«ይሄ ቀልጦ፣ ውሃውን አንጠባጥቦ፣ እንደገና የቀዘቀዘ ነው።»

«ድንጋይ እኮ ነው!»

«ዛሬ ድንጋይ ነው። ትናንት ምን እንደነበር ንገሪኛ!»

አኮረፈች። እኔ ካርቶኑ ላይ ወዳለው ስልክ ደወልኩ። ያነሣው ራሱ ጢማሙ ነው፤ ሌፍ እባላለሁ አለኝ። መጀመሪያ ስለ መረቡ ጠየቅሁት።

«የወንድሜ ጀልባ ነው፣ እማማ። የኔ ጥገና ላይ ነበር።»

ስለ ሮዙ በረዶ ስነግረው፣ «መንገድ ላይ ያለው መጋዘን መብራት ጠፍቶበት ነበር። ለጥቂት ሰዓት ነው ብለውኝ አመንኳቸው። እንዳይበሉት! ሌላ እልካለሁ» አለ።

ጥፋቱን ቶሎ ማመኑ ይባስ አስጠረጠረኝ። «እንግዲያው በኩባያ ውሃ አቀዝቅዝና፣ ከበረዶው አናት ሳንቲም አስቀምጠህ አብረህ ላክ» አልኩት። ሲትካ ለሳምንታት ከቤት ስንርቅ ማቀዝቀዣው ውስጥ የምንተወው ምስክር ነው። መብራት ጠፍቶ በረዶው ከቀለጠ ሳንቲሟ ትሰምጣለች፤ ተመልሶ ቢቀዘቅዝም እዚያው ታች ትቀራለች።

ሳቁን ለቀቀው። «እናቴም እንደዚሁ ነበረች! እሺ፣ እማማ።»

የመጀመሪያውን ካርቶን እንዳለ ጣልነው። በሳምንቱ ሁለተኛው መጣ፤ ሳልሞኑም ሽሪምፑም አለበት። አብሮ በመጣው ኩባያ ሳንቲሟ አናቱ ላይ ናት፣ በረዶው ነክሶ ይዟታል። በሳልሞኑ ፕላስቲክ ጥግ ሮዝ ውሃ የለም።

«አሁንስ?» አለች ሲግኒ።

«ክዳኑን ሲዘጋ ያስቀመጣት ብትሆንስ? ከዚያ በፊት ዓሣው ቀልጦ እንደሆነ ሳንቲሟ በምን ታውቃለች?»

ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

ማታ ፕላስቲኩን ቀድጄ ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩት፤ እንደታሸገ ማቅለጥ መርዝ ያመጣል። ጠዋት ሲግኒ ሥራ ስትሄድ መዳፍ የምታህል ቆርጬ፣ በጨውና በቅቤ ጠብሼ፣ ሦስት ሰዓት ላይ በላሁ። የክት ቀሚሴን ለበስኩ፤ የሕክምና ካርዴን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። «ወድቄ ብታገኚኝ ሳልሞኑ ነው፣ እንዳትነኪው» ብዬ ጽፌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሆዴ አንዴ ሲጮህ «በቃ፣ መጣ» አልኩ። ረሃብ ነበር።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሲግኒ ገባች። ቀሚሴን አየች፤ ወረቀቱን አነበበች። ልትሥቅ ከንፈሯን ከፈተችና አልሣቀችም። አጠገቤ ቁጭ ብላ እጄን ያዘች።

«አንቺ ብትሞቺብኝስ?»

«እኔ ኖሬያለሁ፣ ልጄ።»

«ሞኝ ነሽ፣ አያቴ። ስንት ሰዓት ሆነሽ ከበላሽ?»

«ስምንት። እስከ ነገ ብንጠብቅ ግን...»

«ርቦኛል። ርቦናል» አለች ሆዷን እየዳበሰች።

ተነሥቼ መጥበሻውን ጣድኩ። ሳህኑን አቀረብኩላት። ስትጎርስ ዓይኔን ከፊቷ አልነቀልኩም፤ የመጨረሻዋን ጉርሻ እስክትውጥ።

«ሽሪምፑስ?» አለች ጣቷን እየላሰች።

«እሱ ገና ነው። ነገ እቀምሰዋለሁ።»