ቢጫ እስኪሆን

ባሌ ጎሳዬ ችግኙን ከአገር ቤት ያመጣው በመጨረሻው ጉዞው ነው። ከዚያ ወዲህ ልቡ ደከመና ከባድ መኪና መንዳት ተከለከለ፤ አገሩን ሳያይ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 1 ሰፈር ያለው ግቢያችን ውስጥ ቀረ።

«የእናቴ ጓሮ መንደሪን ነው፤ ውርጭ አይበግረውም» አለኝ፣ በእርጥብ ጆንያ የጠቀለለውን እያሳየኝ።

«ጅቡቲ ደግሞ ውርጭ ከየት ሊመጣ!» ብዬ ሳቅኩበት። እሱ አልሳቀም።

ለዚያ ዛፍ ያልሆነው የለም። ጥላ ሠራለት። ሐምሌ ሲገባ የከረጢት በረዶ እየገዛ ሥሩ ላይ ያስቀምጣል። «አገሩ ያለ ይምሰለው» ይለኛል። እኔም እየተነጫነጭኩ ሩዝ ያጠብኩበትን ውሃ አጠጣለሁ።

በአምስተኛው ዓመት አሥራ አንድ ፍሬ ያዘ። ያን ጊዜ ባሌ አልጋ ይዟል። አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁለት። እያየው ስለ እናቱ ጓሮ ያወራኛል፤ ውርጩ ሣሩን ነጭ ሲያደርገው፣ መንደሪኑ በመሃል ቢጫ ሆኖ ሲታይ፣ እጁን ቆፈን ይዞት ሲልጥ። «መጀመሪያ ይጣፍጥሻል፤ ስትውጪው ትንሽ ይኮመጥጣል» ይላል። ያን ወሬውን ሰምቼ አልጠግብም ነበር።

ታኅሣሥ ላይ «ወለልዬ፣ አንዷን ቅጠፊልኝ» አለኝ።

«ጥሬውን? ሆድህን ልትታመም ነው?»

«ልቅመሳት ብቻ።»

«ቢጫ እስኪሆን ጠብቅ አልኩህ እኮ!»

ሁለታችንም ደገኞች ነን፤ መንደሪን መብሰሉን የምናውቀው በመልኩ ነው። «እሺ፣ እንጠብቃ» አለ። በጥር ሞተ።

አርባው ካለፈ በኋላ የጎረቤቴ የሀጀራ ፍየል በሩን ገፍታ ገባች። ዱላ ይዤ ስደርስ ዝቅ ካለው ቅርንጫፍ እየቀጠፈች ታኝካለች። ሀጀራ ልትወስዳት ስትመጣ ዛፉን ቀና ብላ አየችው።

«ይሄን ሁሉ ለምን አልበላሽውም?»

«አልበሰለማ! አረንጓዴ ነው።»

«ወላሂ ከበሰለ ቆይቷል! አባቴ አምቡሊ ሰፈር የአትክልት ቦታ ነበረው። ቢጫ የሚያደርገው ብርድ ነው። እዚህ ብርድ የት አለ?»

አንዷን ልጣ ሰጠችኝ። ጣፈጠኝ፤ ስውጠው ትንሽ ኮመጠጠኝ። ዱላውን ጥዬ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፤ ሀጀራ ብታነሳኝ ብታነሳኝ አልነሳ አልኩ።

ፍየሏ አራት በልታለች። ጎሳዬ የለመነኝ አንዲት ነበር።