የኮርማው ልጆች

የከብት ኮቴ የሚቆርጥ ሰው ነበር። ጉጠት፣ ጠማማ ቢላና ሞረድ መኪናው ላይ ጭኖ ከበረት በረት ይዞራል። ዕድሜው ሃምሳን እየተጠጋ ነው፤ ትዳር አልያዘም። ሲጠይቁት “ጊዜ አጥቼ ነው” ይላል፤ ነገር ግን ከጎማ ጠጋኙ ጀርባ በተከራያት ክፍል ውስጥ ከጊዜ በቀር ምንም አልነበረውም።

ከደንበኞቹ አንዷ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። የሥጋ ከብት ታረባለች። እሷ ጋ የሚሄድ ቀን ሸሚዙን ይተኩሳል።

የከብቶቿ ኮቴ ቶሎ ይበላሻል። የውጭኛው ጣት ያድግና ወደ ውስጥ እየታጠፈ ሌላኛው ላይ ይወጣል፤ እንደ መቀስ። ወለሉን በሲሚንቶ አሠራች፣ መኖ ቀየረች፤ ወይ ፍንክች። ስለዚህ በየጥቂት ወሩ ትጠራዋለች። እሷ የላሟን አንገት ይዛ ታባብላለች፣ እሱ እግሯን አንስቶ ይሞርዳል። ስለ ዝናብ ያወራሉ። አንዳንዴ ምንም አያወሩም፤ እሱ የሚወደው ያንን ነው።

አማቷ፣ የሟቹ እናት፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሁሉን ያያሉ።

“አንተ፣ የላም ጥፍር እንዲህ ስታሳምር የራስህን ጠጉር ማን ይቁረጥልህ?” አሉት አንድ ቀን።

“አንገቴን የሚይዝልኝ አጥቼ ነው፣ እማማ።”

ሴትየዋ ፊቷን ላሟ አንገት ውስጥ ቀበረች። ትሳቅ አትሳቅ ሳያውቅ ቀረ።

አንድ ጠዋት የኮርማውን የኋላ እግር አነሳ። ባሏ የመረጠው ኮርማ ነው፤ ጀርባው አልጋ ያስዘረጋል። ቀጥሎ የኮርማውን ልጆች፣ ጊደሮቹን፣ አየ። ያው ጣት፣ ያው መታጠፍ። ከገበያ የተገዙት ላሞች ግን እዚያው ወለል ላይ ቆመው፣ ያንኑ መኖ በልተው፣ ኮቴያቸው ቀጥ ያለ ነው። ሲጠረጥረው የቆየው ነገር ቁልጭ ብሎ ታየው። ከተናገረ ኮርማው ይሄዳል፤ ኮርማው ከሄደ እሱም የሚመጣበት ጉዳይ የለውም። ሞረዱን እጁ ላይ ሲያገላብጥ ቆየ።

“አንድ ነገር ልንገርዎት” አለ በመጨረሻ። “ጥፋቱ የወለሉም የመኖውም አይደለም። ከኮርማው በዘር የሚወርድ ነው። እኔ ጥፍሩን እንጂ ዘሩን አልቆርጥም። እንዲያውም እየቆረጥኩ ነው የሸፈንኩት።”

የያዘችውን የኮርማውን ገመድ ለቀቀችው።

“እሱ ነው የመረጠው” አለች። “ታሞ ተኝቶ እንኳ በመስኮት ያየው ነበር።”

መልሱ ከበረንዳው መጣ።

“ልጄ ከላይ ከላይ ነው የሚያየው፤ ወደ እግር አይወርድም ነበር” አሉ አሮጊቷ ቀስ ብለው። “ከማን እንደወረሰውም አውቃለሁ። ሽጪው ልጄ። ኮርማው እሱ አይደለም።”

ሴትየዋ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። “ከዚያስ ምን ላድርግ?” አለችው።

“ልጆቹን ለዘር አያስቀሩ። ሌላ ኮርማ ሲገዙ ጀርባውን ሳይሆን መጀመሪያ ያልተሞረደ ኮቴውን ይዩ። ከዚያ በኋላ…” ሞረዱን አስቀመጠ። “ከዚያ በኋላ ያለ እኔም ይራመዳሉ።”

ኮርማው በጭነት መኪና ሄደ፤ ጊደሮቹም ተራ በተራ ተከተሉት። አዲስ ኮርማ ተገዛ። የጥጃ ኮቴ ግን አድጎ ክብደት ካልተሸከመ አይታወቅም፤ ዓመታት ይፈልጋል። ስልኳ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። አንዳንዴ መንገድ አሳብሮ በደጇ ያልፋል። ልብስ ስታሰጣ ያያታል፤ ጥሩንባ ይነፋል፣ እጇን ታነሳለታለች። መኪናውን ግን አያቆምም። ምን ብሎ? ሌላ በረት ደርሶ የሌላ ሰው ላም እግር እንዳነሳ፣ ቢላውን ይዞ ፈዞ የሚቆምበት ጊዜ ነበር። “ምነው፣ ታመመች እንዴ?” ይሉታል ባለቤቶቹ።

የአዲሱ ኮርማ ልጆች ለመውለድ ሲደርሱ ሴትየዋ ደወለች። “ይምጡና ይዩልኝ” ብቻ ነው ያለችው።

እያንዳንዷን አነሳ። ሁለቱ ጣቶች እኩል፣ አጭር፣ ጎን ለጎን። እንዲህ ያለ ኮቴ ማየት ለእሱ ደስታ ነው፤ ያን ቀን ግን ከበደው።

“የሚቆረጥ የለም” አለ።

“አውቃለሁ። ጠዋት ማታ አያቸው የለ?”

“ታዲያ ለምን ጠሩኝ?”

እጇን በሽርጧ ስትጠርግ ቆየች። “ላም ካላነከሰች አትምጣ ያለህ ማን ነው?” አለችው።

“አይምጡ” ሳይሆን “አትምጣ” ማለቷን ሁለቱም ሰሙት። እሱ ጎንበስ ብሎ መሣሪያውን መሰብሰብ ጀመረ፤ ያልተነካ መሣሪያ።

በሚቀጥለው ሳምንት ባዶ እጁን ሄደ። እጁን የሚያደርግበት ቢያጣ ኪሱ ውስጥ ከቶት በሩ ላይ ቆመ፤ አሮጊቷም በረንዳው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት።