ለወፍ የተሰቀለው ጠርሙስ

በዚያ በጋ ቬልዳ "የሰው ልጅ መረረኝ" ብትል የሚፈርድባት አልነበረም። ሰባት መቶ ተማሪ በሚበላበት የትምህርት ቤት ምግብ አዳራሽ ዕድሜዋን ስታዝ ኖራ ጡረታ ስትወጣ፣ ባሏ ኦርቪል "ተራራ ላይ እንሂድ፣ ጫካው ጸጥ ያለ ነው" አላት። ጫካውስ እውነትም ጸጥ ያለ ነው። ጸጥ የማይለው ዓርብ በመጣ ቁጥር ከዴንቨር እየነዳ የሚወጣው ሰው ነው። ኤልክ ሆሎው የሚባለውን የድንኳን ሰፈር በየበጋው ማስተዳደር ከጀመሩ ይሄ አራተኛቸው ነው። ተጎታች ቤታቸውን መግቢያው ላይ፣ አንድ ቁጥር ቦታ ላይ ያቆማሉ። ከዚያ ማገዶ ይሸጣሉ፣ ሽንት ቤት ያጥባሉ፣ ጸብ ያበርዳሉ። ይሸጣሉ፣ ያጥባሉ ይባል እንጂ የምታጥበውም የምታበርደውም ቬልዳ ናት። ኦርቪል ማገዶ ይሸጣል፤ እሱንም ከገዢው ጋር የዓሣ ወሬ ስለሚይዝ አንድ እስር እንጨት ለመሸጥ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል።

የሚጠይቋት ነገር ራሱ ያሳብዳል። አንዱ ኢንተርኔቱ የቱ ዛፍ ሥር እንደሚሠራ ይጠይቃታል። አንዷ የጥድ ሙጫ መኪናዬ ላይ ተንጠባጠበ ብላ ዛፉን ትከስሳለች። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ አንድ የተከበረ የሚመስል ሰው በፒጃማው መጥቶ፣ "ወንዙ እንቅልፍ ነሳን። ማታ ማታ አትዘጉትም?" አላት።

"ቁልፉ ኦርቪል ጋ ነው" አለችው። ሰውዬውም አምኗት ሄዶ ኦርቪልን ጠየቀው።

ይሄ ሁሉ ግን ይቻላል። ቬልዳ የማትችለው የምግብ ነገር ነው።

ከሰፈሩ በላይ ባለው ሸለቆ፣ ጆሮው ላይ ቢጫ ምልክት የተደረገበት ጥቁር ድብ ይኖራል። ካቻምና የሰው ምግብ ለምዶ ስላስቸገረ የደን ጠባቂዎቹ ይዘው ሩቅ ተራራ ላይ ለቀቁት። እሱ ግን ዞሮ ዞሮ ተመለሰ። በሰኔ መጀመሪያ ማርሊ የምትባለው ጠባቂ ለቬልዳ ቁርጡን ነገረቻት፤ ከእንግዲህ አንዴ የሰው ምግብ ከቀመሰ የሚወሰድበት ሌላ ተራራ የለም፣ ይገደላል። በማግስቱ ቬልዳ ባልዲዋን ይዛ ወደ ሽንት ቤቱ ስትሄድ ድቡ ሜዳው ላይ ተቀምጦ ቢጫ አበባ ሲበላ አየችው። እግሩን ዘርግቶ፣ ሆዱን አስቀድሞ፣ ልክ ኦርቪል እራት ላይ እንደሚቀመጠው ነበር የተቀመጠው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከዚህ በጋ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ያ ድብ በረዶ እስኪወርድና ዋሻው እስኪገባ ድረስ በሕይወት እንዲቆይላት ነው።

ስለዚህ ስትዞር ትውላለች። እያንዳንዱ ቦታ ምግብ የሚቆለፍበት የብረት ሳጥን አለው፤ ሰው ግን ሳጥኑን ረስቶ ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ሽርሽር ይሄዳል። ቬልዳ ታሸታለች፣ ትከፍታለች፣ ትቆጣለች። "ድቡን የሚገድለው ጠመንጃ እንዳይመስልሽ፣ ያንቺ ቋሊማ ነው" ትላለች። ልጆች ከሩቅ ሲያዩዋት ብስኩታቸውን ኪሳቸው ይከታሉ። ኦርቪል "አንቺ ሴት፣ ሰዉ እኮ ለመዝናናት ነው የመጣው" ሲላት፣ "ይዝናና፣ ቆልፎ ይዝናና" ትለዋለች።

ደስ የሚላት ወፎቹ ናቸው። አውራ ጣት የሚያክሉ፣ አየር ላይ ቆመው አበባ የሚቀስሙ ወፎች አሉ። ለነሱ ብላ ቀይ ጠርሙስ ውስጥ ስኳር ውሃ ሞልታ ከቤቷ ደጃፍ ትሰቅላለች። አራት ኩባያ ውሃ፣ አንድ ኩባያ ስኳር፣ አፍልታ አቀዝቅዛ። ማርሊ "ማታ ማታ ያስገቡት" ብላታለች፤ ቬልዳም አንድም ማታ ሳትዘነጋ ታስገባለች። ቀን ግን ይሰቀላል። የሰዉን ዳቦና ሐብሐብ እንደዚያ ስታሳድድ፣ ለወፍ የተሰቀለው ነገር ምግብ ሆኖ ታይቷት አያውቅም።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ዘጠኝ ቁጥር ጋ ስትደርስ መሬቱ የሐብሐብ ልጣጭ ለብሷል። ዴሪክ የሚባለው አባወራ ወንበሩ ላይ ተንጋሏል።

"ይሄ ምንድነው?" አለችው።

"የሐብሐብ ልጣጭ።"

"እሱንስ አየሁት። ሳጥኑ ምን ሆኖ ነው?"

"ሳጥኑ ውስጥ ጫማችንን አስገብተን ነው።"

"ጫማ ድብ ይበላዋል እንዴ?"

"የሱን ጫማ እንኳን ድብ ምስጥም አይነካው" አለች ሚስቱ ከድንኳኑ ውስጥ።

ቬልዳ አልሳቀችም። ወገቧን ይዛ ያንን ቢጫ ምልክት፣ ያንን ቋሊማ፣ ያንን ጠመንጃ አንድ በአንድ ታወርድለት ጀመር። ዴሪክ መጀመሪያ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ቀጥሎ ቀና ብሎ ከትከሻዋ በላይ አሻግሮ ማየት ጀመረ።

"ወይዘሮ ቬልዳ..."

"ሳልጨርስ አታቋርጠኝ።"

"ይቅርታ፣ ግን ድቡ እናንተ ቤት ነው።"

ዞር አለች። ድቡ በሁለት እግሩ ቆሞ ቀዩን ጠርሙስ በሁለት እጁ አቅፎ ይልሳል። ጆሮው ላይ ያለው ቢጫ ምልክት ከዚያ ድረስ ይታያል። ኦርቪል ደግሞ ከአጠገቡ ወንበር ላይ፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ያንኮራፋል። ቬልዳ ከዴሪክ ጠረጴዛ መጥበሻና ማንኪያ ነጥቃ እየቀጠቀጠች ሮጠች። ድቡ የመጨረሻዋን ጠብታ ሳይልስ አልሄደም። ልሶ ሲያበቃ ጠርሙሱን ጥሎ ቀስ እያለ ወደ ጫካው ገባ። ኦርቪል ባርኔጣውን አንስቶ፣ "ምሳ ደረሰ?" አላት።

"በልታችኋል" ብላ መለሰችለት፤ "አንተና እሱ።"

ሰዉ ከየድንኳኑ ወጥቶ ቆሟል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እንዲህ ያለ ቀን ነውና፣ ቬልዳ ስድብ ጠበቀች። ስድብ ቢሆን ይሻላት ነበር። ዴሪክ መጥቶ መጥበሻውን ተቀበላትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እኛ ምንም አላየንም። አይዞዎት" አላት። ያቺ ዛፍ የከሰሰችው ሴት እንኳ በስምምነት ራሷን ነቀነቀች። በጋውን ሙሉ ስትገስጻቸው የከረመቻቸው ሰዎች በሙሉ፣ ለድቡ ሲሉ፣ ለሷም አዝነው፣ አፋቸውን ሊዘጉላት ተስማሙ። ቬልዳ አፈረች። ማፈር ብቻ ሳይሆን ተናደደችም፤ ደግሞ ደስ አላት።

ጠርሙሱን አጥባ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችው። "አለቀ" አላት ኦርቪል። "ከእንግዲህ ለምን ይመጣል?"

በማግስቱ ጠዋት መጣ። ባዶው ማንጠልጠያ ሥር ቆሞ አሸተተ፣ የቤቱን ግድግዳ ቧጠጠ። ሲያጣ ዞሮ ወደ አራት ቁጥር ሄደ። እዚያ አንዲት እናት ሕፃኗን ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጣ ገንፎ ታበላለች። ሰዉ ሁሉ ጮኸ፣ ድስት ተደበደበ፣ እናትየው ልጇን አፈፍ አድርጋ መኪና ውስጥ ገባች። ድቡ ገንፎውን ልሶ ሄደ። ሕፃኑን አልነካውም፤ ግን በብርድ ልብሱ ላይ ረግጦ ነው ያለፈው።

ቬልዳ ቤት ገብታ የሬዲዮ መገናኛውን አነሳች።

"ቆይ፣ ቆይ" አለ ኦርቪል። "ገንፎው ነው ያመጣው በይ። አራት ቁጥር ነው በይ። ውሸትም አይደለም።"

"ልጅ ይዛ ያለቀሰችውን ሴት ነው ምክንያት የማደርጋት?"

"ድቡን ይገድሉታል፣ ቬል።"

"አውቃለሁ። እኔ ነኝ ለሰው ሁሉ ስነግር የከረምኩት።"

ማርሊ መስመሩ ላይ መጣች። ቢጫ ምልክት ያለው መሆኑን ከሰማች በኋላ እንደ ደንቡ ጠየቀች። "መጀመሪያ ምግብ ያገኘው ስንት ቁጥር ላይ ነው?"

"አንድ ቁጥር" አለች ቬልዳ። "የኛ ቤት። የኔ ጠርሙስ ነው።"

ማርሊ ከቀትር በኋላ በመኪናዋ ለድብ ወጥመድ የሚሆን ትልቅ የብረት በርሜል ጎትታ መጣች። አንድ ጫፉ ድፍን ነው፣ በሌላው ጫፍ ሲነካ የሚወድቅ መዝጊያ አለው። አልተቆጣችም። ቬልዳ ግን ምነው ብትቆጣኝ እያለች ጠበቀች። ጠባቂዋ በርሜሉን ጥላ ሥር አስተካክላ ካቆመች በኋላ እጇን ሱሪዋ ላይ ጠርጋ መጣች።

"ዓሣ ይዤ ነበር" አለች። "ግን የለመደውን ቢያገኝ ቶሎ ይገባል። ከዋለ ካደረ ሌላ ድንኳን ይነካል፤ ያኔ ሰው ይጎዳል። ያ ስኳር ውሃ ተርፎዎታል?"

"ደፋሁት።"

"እሺ፣ በቃ ዓሣውን..."

"እሠራልሻለሁ" አለች ቬልዳ።

ኦርቪል "ፓንኬክ ላይ የምናፈሰውን ጣፋጭ ሽሮፕ ስጫትና ተገላገዪ" አላት። ቬልዳ ግን ድስቱን ጣደች። አራት ኩባያ ውሃ ለካች፣ አንድ ኩባያ ስኳር ጨመረች። ከመስኮቱ ውጭ ሁለት ወፎች ማንጠልጠያው ያለበት አየር ላይ ቆመው ጠርሙሱን ይፈልጋሉ። ስኳሩ እስኪሟሟ አማሰለች፤ ሲፈላ አወረደችው። ማርሊ በሩ ላይ ሆና፣ "በቃ፣ ይሄው ደረሰ፣ ይስጡኝ" አለቻት።

"ቆይ ይብረድ" አለች ቬልዳ። "ትኩሱን አይወዱትም።"

ወፎቹን ማለቷ እንደሆነ ያወቀችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ማርሊም አላረመቻትም። ሁለቱም ቆመው እስኪበርድ ጠበቁ።