አጥር ላይ የተንጠለጠለው ለቃሚ

ጄትሮ ከጎረቤቱ ከአሮጊቷ ዊኒ ጓሮ ኪሱን በፖም ሞልቶ ሲወጣ፣ ሱሪው አጥሩ ላይ ተያዘና ተንጠልጥሎ ቀረ።

«እሰይ! ዘንድሮ አጥሬ ጎረምሳ ማፍራት ጀመረ?» አሉ ዊኒ፣ ከቤት ብቅ ብለው።

«ሌብነት እንዳይመስልዎት፣ አክስቴ! ስክራምፕ ነው ያደረግኩት፤ ከሰው ዛፍ ፖም መቅጠፍ እኮ የልጅ ጨዋታ ነው። እዚህ በፖም አገር፣ በሶመርሴት ተወልዶ ፖም ስክራምፕ ያላደረገ ማን አለ?»

«ወሬኛ! በአያቴ ጊዜ ስክራምፕ የሚባለው ወድቆ የተጨማደደው ፖም ነበር። ስክራምፕ ማድረግም እሱን ከመሬት መልቀም ነው፤ ማንም ደሃ አይከለከልም። ከዛፍ መቦጨቁን ያመጣችሁት እናንተ ቀበጦች ናችሁ።»

ጄትሮ እዚያው እንደተንጠለጠለ ሳቀ።

«ሳቅ እንጂ! ለእናትህ ወገቤን ይዤ የለቀምኩላት ከአጥሩ ውጪ በቅርጫት አለ። ስትሄድ ውሰድላት።»

ጄትሮ አንገቱን አዙሮ ከአጥሩ ውጪ ቁልቁል አየ። ቅርጫቱን ያውቀዋል። ሲገባ ፖሙን ጭቃ ላይ ዘርግፎ፣ አጥሩን ለመሻገር ገልብጦ የቆመበት እሱ ነው።

ሱሪውን ቦጭቆ ወደ ውጪ ወረደ። የኪሱን ፖም አጥሩ ስር ደረደረላቸው። ከዚያ ተንበርክኮ የተዘረገፈውን በእጅጌው እየጠረገ ይለቅም ጀመር።

«አንተ፣ ሱሪህ ተቀዷል፤ ቂጥህ ይታያል!» አሉ ዊኒ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው።

«ይታይ» አለ። ፊቱን ግን ቀና አድርጎ ሊያሳያቸው አልቻለም።