የማንኩሳው ታጋይ

ማንኩሳ ላይ ክንዱ ቅናተኛ መሆኑን የማያውቅ ሰው ቢኖር ራሱ ክንዱ ብቻ ነበር። እሱ ለራሱ ያወጣው ስም «እውነት ወዳድ» የሚል ነው። ችግሩ፣ ይህ እውነት ወዳድነቱ የሚነሣበት በአንድ ሰው ነገር ብቻ መሆኑ ነው፤ በላቀው።

ላቀው በስልሳ አምስቱ ጥምቀት፣ ታቦቱ ባደረበት ሜዳ ላይ፣ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ያለውን ጎረምሳ በትግል እየገጠመ አንድ ባንድ ያነጠፈ ሰው ነው። መጨረሻ የተነጠፈው ክንዱ ነበር። ላቀው እግሩን ጠልፎ በጀርባው ዘረረው፤ ሰው ሆ አለ፤ ነገሩም እዚያው ላይ አለቀ። ለሰው ሁሉ አለቀ፣ ለክንዱ ግን ገና መጀመሩ ነበር። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ ወጣ፣ መሬት ተከፋፈለ፣ ሰው በመንደር ምሥረታ ከነጎጆው ተነቅሎ ሌላ ቦታ ተተከለ፤ ክንዱ ግን ከስልሳ አምስቱ ሜዳ ንቅንቅ አላለም።

በገበያ ቀን በርበሬውን ሸጦ እማዋይሽ ጠላ ቤት ከገባ፣ ሁለተኛውን ጣሳ ሳያጋምስ ያንኑ ጥምቀት ያነሣዋል። «ሜዳው ባያዳልጥ ኖሮ» ይላል፣ «የዚያን ዓመት አውራ የቡሬው ገደፋው ነበር።» ለሚቀጥለው ገበያ ገደፋውን ሽሮ እጅጉን ይሾማል። «እጅጉ ቁርጭምጭሚቱ ባይዞርበት ኖሮ ማን ይችለው ነበር?» አንድ ጊዜማ ገብረሰንበትን ሾመ። ገብረሰንበት ያኔም ዲያቆን ነበሩ፣ ዛሬ ጠምጥመው መስቀል የሚያሳልሙ ቄስ ናቸው፤ በዕድሜያቸው ከሰው ጋር ተያይዘው አያውቁም። «ክህነት ባይዛቸው ኖሮ እኮ ነው የምላችሁ» አለ ክንዱ፣ ሰው እየሳቀበት። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። ራሱን ግን ሾሞ አያውቅም፤ ኩራት ነው መሰለኝ። ማንም ይሁን፣ ላቀው ብቻ አይሁን።

ለመቃጠሉ ሌላም ምክንያት ነበረው። ያን ዕለት እሱ ከወደቀ በኋላ ከልጃገረዶቹ አንዷ ከበሮውን ተቀብላ እንዲህ ብላ ገጠመች፦

የጥምቀቱ ሜዳ ስንቱን ጎበዝ ጣለው፤
እኔስ አየሁ ዛሬ ክንዱ ላቀው ላቀው።

ሰሙ ግልጽ ነው፤ የላቀው ክንድ ተሞገሰ። ወርቁ ሌላ ነው ያሉም ነበሩ። «ወድቆም ቢሆን ክንዱ በለጠው ማለቷ ነው እኮ» አሉ። ጎጃም ውስጥ ሰው ግጥም ሰምቶ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ አይገባም። ገጣሚዋ ንግሥቴ ነበረች። በዓመቱ ክንዱ ሽማግሌ ልኮ አገባት፣ ልጆችም ወለዱ፤ የትኛውን ማለቷ እንደነበር ግን አንድም ቀን ደፍሮ አልጠየቃትም። ጠይቆ «ላቀውን ነው» ብትለውስ?

ላቀው ቆላ ወርዶ ሲሠራ ከርሞ ወባ ይዞት የተመለሰ፣ ሥጋው አልቆ አጥንቱ የቀረ ሰው ነው። ያም ሆኖ ሳቁ አልከሳም። በደጃቸው ሲያልፍ «እንዴት ዋልሽ ንግሥቴ?» ይላል። እሷም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወባው ተሻለህ ወይ?» ትለዋለች። ክንዱ እቤት ውስጥ ቆሽቱ ያርራል። «አይሻለውም!» ይላል በልቡ፤ ወዲያው ይጸጸትና ያማትባል፤ አማትቦ ሲጨርስ እንደገና ይናደዳል።

በሰማንያ ሁለት ጥር ላይ ነው። ጦርነቱ በጎንደር በኩል እየገፋ መጥቶ ፍኖተ ሰላም በወታደር ተሞልታለች። መንግሥት «ወንበዴ» የሚላቸው ሰዎች ራሳቸውን «ታጋይ» እንደሚሉ ራዲዮ ያለው ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ የሰማም ያንን ቃል ካፉ አውጥቶ አያውቅም። የማንኩሳ ገበሬ ግን ተያይዞ የሚጣጣለውን ሁሉ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ታጋይ ሲል ኖሯል፤ ሌላ ስም የለውም።

ያን ዕለት ጠላ ቤቱ ውስጥ ክንዱ እንደልማዱ አንዱን ሽሮ ሌላውን ሲሾም፣ ጎረቤቱ ባዬ ሰለቸው።

«አያ ክንዱ፣ ተወን እንጂ በማርያም! ሁሉም አውራ ከሆነ ላቀው ምንድን ነው ታዲያ?»

«ላቀውማ ታጋይ ነኝ ባይ ነው!» አለ ክንዱ ጣሳውን መደቡ ላይ እየመታ። «በየደረሰበት ታጋይ ነኝ እያለ የሚያወራ ራሱ ነው። ጠይቁት፣ ዛሬም ቢሆን አይክድም!»

ጥግ ላይ ካኪ ጃኬት የለበሰ፣ ማንም የማያውቀው እንግዳ ተቀምጦ ነበር። ጠላውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ። እማዋይሽ «ምነው፣ ጠላዬ ቆመጠጠው?» ብለው በዓይናቸው ሸኙት። ባዬ በሩን በሩን አየ፤ ክንዱም ቀስ በቀስ ገባውና ጣሳውን አስቀመጠ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

በማግስቱ ላቀውን ከማሳው ላይ ወሰዱት። እጁን ያሰሩት በራሱ ነጠላ ነው አሉ።

ንግሥቴ ወሬውን ይዛ ገባችና ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ አለቀሰች። «ምላስህ ነው የበላው» አለችው ለባሏ። «ምን አድርጎህ ነው? ሰው ጥሎህ ቢሄድ ይህን ያህል ዘመን ይታዘላል?»

በክንዱ ውስጥ ሁለት እሳት ነደደ። አንደኛው ጸጸት ነው፤ ሰውን በምላሱ አሳልፎ መስጠቱን ያውቃል። ሁለተኛውን ብናገር ያሳፍራል፤ እሱ ግን አላፈረበትም። «እኔን ቢወስዱኝ እንዲህ ታለቅስ ነበር?» እያለ ዕንባዋን ያየዋል። ቀኑን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ዋለና የባሰው ነገር መጣለት፤ ላቀው በዚያው ቢቀር ለዘላለም አውራ ሆኖ መቅረቱ ነው። የሞተ ሰው ጀርባው መሬት አይነካም። ጥምቀት በመጣ ቁጥር ስሙ ይነሣል፣ ንግሥቴም በሰማች ቁጥር ዓይኗን ትጠርጋለች። ከሞተ ላቀው ጋር ከመኖር በወባ ከሚንቀጠቀጠው ላቀው ጋር መኖር ይሻላል ብሎ ደመደመ። ላቀው እንዲመለስ አጥብቆ ተመኘ፤ ጽድቅና ቅናት በአንድ በር ሲገቡ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በገበሬ ማኅበሩ ዋርካ ሥር ተጠራ። ከአውራጃ የመጣ ካድሬ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ላቀው በሁለት ታጣቂዎች መካከል ቆሟል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ካሴ ላብ በላብ ሆኗል።

«ይህ ሰው ታጋይ ነኝ ብሏል» አለ ካድሬው። «ስንጠይቀውም ‹አዎ፣ ታጋይ ነበርሁ› ነው ያለው። እናንተ ምን ትላላችሁ?»

ካሴ ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ተነሣ። «ጓድ፣ በዚህ ቀበሌ ታግሎ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም!»

«የለም! የለም!» አለ ሕዝቡ።

ካድሬው ግንባሩን ቋጠረ። «እንዴት የለም? ለአብዮቱም አልታገላችሁም?»

«ለአብዮቱማ ታግለናል፣ ጓድ!»

«እኮ ታግላችኋል ወይስ አልታገላችሁም?»

ካሴ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ተቀመጠ። ጥምቀት በመጣ ቁጥር እጀ ጠባቡን አውልቆ ሜዳ ሲገባ ያደገ ጎበዝ ሁሉ፣ ያን ዕለት ትግል የሚባል ነገር ሰምቶ እንደማያውቅ መሬት መሬት ያያል። ካድሬው ሕዝቡ የሆነ ነገር እንደደበቀው ገባው፤ ዓይኑም ጠነከረ።

«ጌታው» አለ ላቀው በደከመ ድምፅ፣ «የጥምቀት ትግል ነው እኮ የምልዎት። ሰው ከሰው ተያይዞ፣ የጣለ ጥሎ፣ የወደቀ ወድቆ፣ ተሳስሞ የሚለያይበት።»

«ማንን ጣልህ ታዲያ? የጣልኸውን ሰው ጥራ፣ እንጠይቀው።»

ላቀው በሕዝቡ ላይ ዓይኑን አዞረ። ስሙ የተጠራ አብሮ እንደሚታሰር ሁሉም ፈርቷል። ዓይኑ ክንዱ ላይ ደረሰ፣ ጥቂት ቆመ፣ አለፈ።

«ረሳሁ» አለ ላቀው።

ክንዱ ላቀው ለእሱ ብሎ እንደዋሸ ያውቃል፤ ቢያውቅም ግን ቃሉ እንደ ሚጥሚጣ አቃጠለው። ረሳሁ! እሱ እህል ሲበላ፣ ሲያርስ፣ ሚስቱን ሲያቅፍ ያልረሳውን፣ የጣለው ሰውዬ ረሳሁ ይላል! ከተቀመጠበት ሲነሣ ራሱን አላወቀም።

«እኔን ነዋ!» ብሎ ጮኸ። «እኔን ነው የጣለኝ! በስልሳ አምስቱ ጥምቀት፣ ቀኝ እግሬን ጠልፎ፣ በጀርባዬ! እንዴት ትረሳለህ አንተዬ?»

ይህን ቃል ከክንዱ አፍ የሰማ ሰው እስከዚያ ቀን የለም። ንግሥቴ በሴቶቹ በኩል አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ካድሬው ሁለቱን አስተያየ። ክንዱ አንገቱ የበሬ ነው፤ ላቀው ነፋስ ቢገፋው የሚሄድ ነው። «ይህ? አንተን?» አለና ሳቀ። «መልካም። ፍቱት። እዚሁ ፊታችን ይያያዙ። ይህ ሰው በእውነት ትግል አዋቂ ከሆነ እናያለን። ካልሆነ ግን የሚያውቀው ትግል ሌላ ነው፤ ይዘነው እንሄዳለን።»

ሰው ክብ ሠራ። ሁለቱም እጀ ጠባባቸውን አውልቀው ገቡና ወገብ ለወገብ ተያያዙ።

ክንዱ ገና እንደያዘው አወቀ። የላቀው ጎድን በመዳፉ ሥር አንድ ባንድ ይቆጠራል፤ ገላው በትኩሳት ይነዳል፤ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው ይባላል፤ ክንዱ አሁን ጭብጦው በእጁ ነው። ትንሽ ቢያነሣው፣ ትንሽ ቢያዞረው፣ በቃ። አገር ቆሞ እያየ፣ ንግሥቴ ቆማ እያየች! ገደፋውንና እጅጉን፣ አልፎም ቄሱን ሲሾም የኖረው ይህቺን አጥቶ ነበር። ክንዶቹ ሳያዛቸው ይበልጥ ጠበቅ አሉ። ላቀው ከመሬት ሊነሣ ትንሽ ቀረው። ከሴቶቹ በኩል አንድ ትንፋሽ ሲቋረጥ ሰማ፤ የማን እንደሆነ ያውቃል። ስለማን እንደተቋረጠ ግን አላወቀም።

ላቀው እየታገለ ነበር። አልለመነም፣ አልጠቀሰውም፤ ያለ የሌለ ጉልበቱን አሰባስቦ የጥንቱን ጠለፋ ይፈልጋል፤ ቀጭኑ እግሩ በክንዱ እግር ዙሪያ ይደናበራል። ክንዱ ታጣቂዎቹን አየ። ጥርሱን ነከሰና ቀኝ እግሩን ትንሽ ወደፊት አቀረበለት። ላቀው አገኘው፣ ጠለፈው፣ ገፋው። ክንዱ ወደቀ። ሲወድቅም እንዲያምር አድርጎ ወደቀ፤ አቧራው ቦነነ።

«ሆ!» አለ ሕዝቡ። ካድሬው ጭኑን እየመታ ሳቀ፤ «ልቀቁት፣ ልቀቁት፣ ይህማ የገጠር ጨዋታ ነው» አለ። ካሴ እፎይ ብሎ ላቡን ጠረገ። እልልታው ቀለጠ፤ ንግሥቴም ከእነሱ ጋር እልል ስትል ክንዱ መሬት ላይ ተንጋልሎ ሰማት። ላቀው እጁን ይዞ አነሣውና እያለከለከ ጉንጩን ሳመው። ክንዱ ፊቱን አተኩሮ አየው፤ ምናልባት ያወቀ እንደሆነ ብሎ። ላቀው ግን እንደ ልጅ ደስ ብሎት ነበር። በእውነት ጣልሁት ብሎ አምኗል።

ወደ ቤት ሲመለሱ ንግሥቴ አቧራውን ከጀርባው ላይ እያራገፈች «እንደማትችለው እያወቅህ ደግሞ ምን አስነሣህ? ብቻ እግዜር ይስጥህ፣ ሰው አዳንህ» አለችው።

ክንዱ አፉን ከፈተ። ስንት ዘመን ያልሆነውን ሲያወራ፣ አሁን የሆነ ነገር አገኘ። ግን ይህ ወሬ ከቤቱ ከወጣ ጠላ ቤት ይደርሳል፣ ጠላ ቤት ጥጉ ላይ ሰው አይታጣም፣ ሰውዬውም ተመልሶ ይታሰራል።

«አልችለውም» አላት።

በሚቀጥለው ገበያ እማዋይሽ ጠላ ቤት ጢም ብሎ ነበር። ላቀው መሐል ላይ ተቀምጦ ያወራል፤ እንዴት እንደያዘው፣ እንዴት እንደጠለፈው፣ ወባው እንኳ እንዳልበገረው። ሰው ያዳምጠዋል። ክንዱ በሩ አጠገብ ሆኖ አየውና ከዚያ በፊት ቀንቶበት በማያውቀው ነገር ቀናበት። ድሉ አይደለም፣ እልልታውም አይደለም፤ በማመኑ ቀናበት። ያን ያህል ሙሉ ልብ እሱ ኖሮት አያውቅም።

«አንድ ጊዜ በጎረምሳነት፣ አንድ ጊዜ በሽበት!» አለ ላቀው እየሳቀ። «ይኸው ራሱ መጣ። ና ወንድማለም፣ ተቀመጥ። ውሸት ነው ክንዱ?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ባዬ ደግሞ ዛሬ ማን ይሾም ይሆን ብሎ ከንፈሩን ነክሶ ይጠብቃል።

«እውነቱን ነው» አለ ክንዱ ጣሳውን እየተቀበለ። «ሁለቱንም ጊዜ እሱ ነው የጣለኝ።»