የመጨረሻው ጀሪካን ባሩድ

የአጎቴ የቨርሊን ዓይን እየደከመ ሲመጣ ጠመንጃቸውን ለማን እንደሚሰጡ ማንም አልጠየቃቸውም። እኔም አልጠየቅሁም፤ መልሱን የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

ጥይቷ ከመጻፊያ እርሳስ የማትወፍር ቀጭን ጠመንጃ ናት። በየጸደዩ ጎረቤታችን ሚስስ ሄግስታድ ለከብት መኖ የዘራችውን አልፋልፋ የሚጨርሱባትን የሜዳ ሽኮኮዎች እንድንቀንስላት ትጠራናለች። አጎቴ ፒክአፑ ጀርባ ላይ ተቀምጠው፣ ማዶ ከአጥሩ ሥር አንገቷን ብቅ ያደረገችውን ሽኮኮ ይጥሏታል። እኔ አጠገባቸው ሆኜ በአቅራቢ መነጽር አያለሁ። ዘንድሮ ግን በመነጽሩ እንኳ ማየት አልቻሉም። ጠመንጃዋን ሌላ ሰው ተኩሶ እሳቸው ከጎኑ መቀመጥ አለባቸው። ያ ሰው እኔ እንድሆን ክረምቱን ሙሉ ስመኝ ከረምሁ። እህል ጎተራው ውስጥ ስንዴ እየዛቅሁ፣ በሐሳቤ ስንት ሽኮኮ ጣልሁ!

ከዚያ ላንስ መጣ።

የአጎቴ ልጅ የዶሪን እጮኛ ነው፤ የቢሊንግስ ከተማ ልጅ። ሳቁ ቤት ይሞላል። በመጣ በመጀመሪያው ቀን፣ ራት ላይ፣ አጎቴን «አንተ ሽማግሌ፣ ያንን ቋሊማ ወዲህ በለው» አላቸው። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ትውጠዋለች ብዬ ጠበቅሁ። አጎቴ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከጓሯቸው ባለችው ተጎታች ቤት ስኖር እንደዚያ አስቄያቸው አላውቅም። 

ሳምንት ሳይሞላው ጋራዡ ውስጥ፣ ያገለገለ ቀለህ በባሩድ እየሞላን ጥይት የምንሠራበት ጠረጴዛ ፊት፣ የአጎቴ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። እኔ ጥግ ላይ ያገለገለ ቀለህ በጨርቅ አሻሻለሁ።

የአጎቴ ባሩድ እንደ ሌላው ባሩድ አይደለም። ድሮ ሠራዊቱ የተረፈውን ሲሸጥ አንድ ነጋዴ እየገዛ በጀሪካን ያከፋፍል ነበር። ነጋዴው ሞተ፤ ፋብሪካውም ያንን ዓይነት መሥራት ካቆመ ቆየ። አጎቴ ለጠመንጃዋ የሚስማማውን የባሩድ ልክ ለማግኘት ዓመታት ፈጅቶባቸዋል፤ አንዴ ካገኙት በኋላ ግን ጠመንጃዋ ሌላ ባሩድ አትወድም። አሁን የቀረው አንድ ጀሪካን ነው፤ እሱም ግማሽ አይሞላም።

ወደ ሚስስ ሄግስታድ ማሳ በምንሄድበት ቀን ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ላንስ መጀመሪያ የሽጉጡን ጥይት ሞላ፤ በራሱ ባሩድ። አጎቴ በር ላይ ሆነው ለዒላማ የሚሆን ወረቀት ይቆርጣሉ።

«ኤልደን፣ ያንን ቀለህ ልታገባው ነው እንዴ እንዲህ የምታሻሸው?» አለኝ ላንስ።

«ቆሻሻ ቀለህ ጠመንጃ ያበላሻል።»

«አንተ ሽማግሌ! ይህ ልጅ በአስቸኳይ ሚስት ይፈለግለት!»

«ከቀለህ የበለጠች ከየት ትገኝለታለች?» አሉ አጎቴ። ሁለቱም ሳቁ። እኔ አጎነበስሁ።

ቀና ስል ላንስ የባሩድ መስፈሪያውን ገልብጦ፣ ውስጡ የቀረውን ባሩድ ወደ ጀሪካን እየመለሰ ነው። የሽጉጡ ባሩድ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል። የሚያፈሰው የአጎቴ ጀሪካን ውስጥ ነበር።

«አቁም!»

«ምን ሆንክ አንተ?»

«መስፈሪያው ውስጥ የቀረው የሽጉጥህ ነው! ደባለቅኸው!»

እጁ ባለበት ደረቀ። የሽጉጥ ባሩድ ፈጣን ነው፤ በዚያች ጠመንጃ ውስጥ ሲነድ ብረቱ ተሰንጥቆ የተኳሹን ፊት ይበላል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ለዚህም ነው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ዓይነት ባሩድ አብሮ የማይቀመጠው። እኔ ግን ስጮህ ከፍርሃቱ በላይ ደስ ብሎኝ ነበር። አለቀለት፣ አልሁ በልቤ።

አጎቴ ቀስ ብለው ገቡ። ጀሪካኑን አንስተው ወዘወዙት።

«ትንሽ ናት የገባችው» አለ ላንስ፤ ድምፁ ቀጥኗል። «ከላይ ከላዩን ብንጨልፈውስ?»

«ወተት ውስጥ የገባ ውሃ ይጨለፋል እንዴ?» አልሁ።

አጎቴ አንዴ አዩኝ። ከዚያ ጀሪካኑን ይዘው ወጡና ሣሩ ላይ፣ እንደ ዘር፣ እየዞሩ በተኑት። ላንስ አንገቱን ደፍቶ ተከተላቸው። እኔ ቁጣውን ጠበቅሁ። ያለ ቁጣማ አይቀርም።

«የአማቴን ባሩድ እኔም እንዲሁ አበላሽቼበት አውቃለሁ» አሉ አጎቴ ባዶውን ጀሪካን እያራገፉ። «ያ ደረቅ ሰውዬ እስኪቀበር አላናገረኝም። ሠርጋችን ላይ እንኳ! ለባሩድ ብሎ!» እጃቸውን የላንስ ማጅራት ላይ ጣሉ። «እኔ እንደሱ አልሆንም፣ ልጄ።»

ልጄ። ቅናት አንጀቴን እንደ ምስጥ በላው።

«ኤልደን» አሉ ወደ እኔ ዞረው፣ «ዓይንህ ይባረክ። የሰው ፊት አተረፍህ። ከዛሬ ጀምሮ ጠረጴዛው ያንተ ነው፤ ካንተ በቀር ባሩድ የሚነካ የለም።»

ልቤ ዘለለ። «ጠመንጃዋስ፣ አጎቴ?»

«ጠመንጃዋን ላንስ ይያዛት። ጠረጴዛ ላይማ ምን እንደሚሠራ አይተነዋል!»

ሁለቱም እንደገና ሳቁ።

ከሱቅ የመጣ አዲስ ባሩድ ተከፈተ። አዲስ ባሩድ ደግሞ ከዝቅተኛው ልክ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ነው የሚሞከር። እኔ ጥቂት እሞላለሁ፤ እነሱ ከቤቱ ጀርባ የድርቆሹ ክምር ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይተኩሳሉ፤ እኔ ልኩን ጨምሬ ሌላ እሞላለሁ። መስኮቱ ሥር ተቀምጬ የተኩሱን ድምፅ እሰማለሁ። በየዙሩ በሚያመጡልኝ ወረቀት ላይ ቀዳዳዎቹ እየተቀራረቡ ሄዱ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ላንስ ወረቀት እያውለበለበ ሮጦ ገባ። «ኤልደን! እየው! ሁሉም በአንድ ቀዳዳ!»

ቀዳዳውን በአውራ ጣቴ ጥፍር ሸፈንሁት።

«ያንተ ጥይት ነው እኮ» አለኝ፤ ከልቡ ነው። ክፉ ቢሆን ምን ነበረበት? «ነገ ከኛ ጋር ትሄዳለህ፤ ፒክአፑ ላይ ቦታ አለ።»

«ከኛ ጋር» አልሁ።

«ምን አልክ?»

«ምንም። እሄዳለሁ።»

«ላንስ!» አሉ አጎቴ ከውጭ። «ና እንጂ፣ ብርሃኑ ሳይሄድ!»

ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ያኖራትን ጠመንጃ አነሳ፤ የሞላኋቸውንም ጥይቶች አፍሶ ወጣ። እኔ ባዶ ቀለህ አሰለፍሁ። ባሩድ ሚዛኑ ላይ አድርጌ መርፌው እስኪረጋ ጠበቅሁ፤ አንዲት ቅንጣት በዝታ ነበርና በወረንጦ ቀነስኋት። በመስኮቱ ሳይ አጎቴ አፋቸውን ወደ ላንስ ጆሮ አስጠግተው አንድ ነገር ይነግሩታል። ምን እንደሆነ አልሰማሁም። ላንስ ፈገግ አለ፤ ትከሻው ላይ ደግኖ ያነጣጠራት ጠመንጃ ግን ንቅንቅ አላለችም።